ንዳድ በባቡር መሥመር ላይ

የኢትዮጵያ ደገኛ ሀገሩን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቃት በሁለት መለኪያ ነው፤ አንደኛው የምድሪቱ ከፍታና ዝቅታ፣ ሁለተኛውም የዘመኑ መዘዋወር ነው። ቆላ ንዳድ፣ ማለት ወባ፣ የሚኖርበት፣ ደጋ ንዳድ የማይደርስበት፣ ወይና ደጋም በሁለቱ መካከል ሆኖ እንደ ዓመቱ ጠባይ አንድ ጊዜ ወደዚህ አንድ ጊዜ ወደዚያ የሚያዘነብል ምድር ነበር። ጊዜውም ቢሆን የታወቀ ነበረና፣ ክረምቱ አልፎ ዘመነ ጽጌ ሲገባ፣ ወንዞች ጎድለው ውኃው በየኩሬውና በየጉድባው ሲቀር፣ ያን ጊዜ ነጋዴው ቆላ ወርዶ ማደርን ይፈራል፣ የጦር አለቃውም ሰፈሩን ከሸለቆ አውጥቶ በኮረብታ ላይ ይተክላል። አባቶቻችን ደዌውን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን ሳያውቁ የትንኟን ወሰን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህ ጽሑፍ የሚተርከው ያ የከፍታና የዘመን ካርታ በአንዲት ከተማ፣ በድሬዳዋ፣ በመቶ ሃያ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ እንዴት እንደ ተፋለሰ ነው።

በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግና ለባልደረባው ለፈረንሳዊው ለሌዮን ሼፍኔ፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ መሀል ሀገር የሚዘልቅ የምድር ባቡር እንዲያሠሩ ፈቃድ በሰጡ ጊዜ፣ ሐሳቡ ሐዲዱ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ነበር። ነገር ግን ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ወደ ሐረር ሐዲድ ማውጣት እጅግ ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ መሐንዲሶቹ መሥመሩን በተራራው ግርጌ አሳለፉት። ባቡሩም በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም.፣ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለውና የኢሳና የኦሮሞ ከብት አርቢዎች መንጋቸውን ከሚያሰማሩበት ሜዳ ደረሰ፤ በዚያም በመጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለች፣ ኋላ ግን በቦታው ስም ድሬዳዋ ተብላ የጸናች ከተማ ተቆረቆረች። ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል የተመረጠው ይህ የሰባት መቶ ሜትር ዝቅታ፣ በሙቀት ሲታሰብ አራት ዲግሪ ያህል ልዩነት ያለው ነው። ስለዚህ የምሥራቁ ታላቅ የንግድ ከተማ፣ ደገኛው ማታ ማታ በሚሸሸው ምድር ላይ ተሠራ ማለት ነው።

በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም የነበሩ ጠቢባን ከዚህ ታሪክ ጋር የሚገናኝ ሁለት ነገር አገኙ። ሮናልድ ሮስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1897 በሕንድ አገር በሴከንደራባድ ከተማ፣ የወባን ጥገኛ ተሕዋስ በትንኝ ሆድ ዕቃ ውስጥ አይቶ፣ ከክፉ አየር ይመጣል ይባል የነበረው ሕማም በትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ መሆኑን ለማረጋገጥ መንገድ ከፈተ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1901፣ ሊስተን የተባለ ሌላ ሐኪም በዚያው በሕንድ ምድር አንዲት የትንኝ ዐይነት ለይቶ መዝግቦ አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የሚል ስም ሰጣት፤ ይህችም እንደ ብዙዎቹ ዘመዶቿ ረግረግንና የወንዝ ዳርን ብቻ የምትፈልግ ሳትሆን፣ በከተማ ጉድጓድና በቤት የውኃ ማጠራቀሚያ የምትራባ ናት። ከመዝገቡ ዓመት በኋላ የተቆረቆረችው ድሬዳዋ ከዚህች ትንኝ ጋር የተገናኘችው መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ስለ ሆነ፣ አንባቢ ስሟን እስከዚያ ድረስ በልቡ ይያዝልን።

ከተማይቱ ያደገችው የደቻቱን ወንዝ መካከል አድርጋ ነው። በአንድ ወገን ፈረንሳዮቹ ቀጥ ያለ መንገድ ቀድደው፣ በዳርና ዳር ዛፍ አስተክለው ያበጁት ከዚራ፣ በሌላው ወገን ንግዱና ሕዝቡ የተጨናነቀበት መጋላ ይገኛሉ። ደቻቱ ወንዝ ይባል እንጂ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል አሸዋ ነው፤ በአሸዋው ላይ ሰው ይሻገራል፣ ግመል ይነዳል፣ ገበያም ይቆማል። ዝናቡ በበልግና በክረምት ሁለት ጊዜ የሚመጣ ቢሆንም በዓመት ከስድስት መቶ ሚሊ ሜትር ብዙም የማይዘል ነው፤ የዓመቱም አማካይ ሙቀት ሃያ አምስት ዲግሪ ያህል ነው። እንግዲህ ሕዝቡ የሚጠጣው ከምድር ሥር የሚወጣውን ውኃ ነበር፤ ይህም ለሁሉ በእኩል የማይዳረስና በየጊዜው የሚቋረጥ ሆኖ ስለ ኖረ፣ ውኃን በቤት ማኖር የድሬዳዋ ሰው ጠባይ ሆነ። በፊት በእንስራ፣ ቀጥሎ በብረት በርሜል፣ ኋላም በጀሪካንና ሮቶ በሚባለው የፕላስቲክ ታንከር ያኖረዋል። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ ድሬዳዋ የመሥመሩ መካከለኛ ጣቢያ፣ የጭነት ማራገፊያና የባቡር መጠገኛ ሆና ከሀገሪቱ ዋና ዋና ከተሞች መካከል ተቆጠረች። የኢጣልያ ጠላት በ1928 ዓ.ም. ገብቶ ያሳለፋቸው ዓመታትም የፋብሪካ ጭስ ጨመሩላት እንጂ የውኃዋን ነገር አላሻሻሉትም።

በ1950 ዓ.ም. ክረምት ግን በሌላው የሀገሪቱ ክፍል አንድ ታላቅ መቅሠፍት ወረደ። በዚያ ዓመት ዝናቡ ከልማድ በላይ በዛ፣ ሙቀቱና የአየሩ እርጥበትም ከፍ አለ፤ ከሰኔ ወር 1950 ጀምሮም እስከ 1951 ዓ.ም. መባቻ ወራት ድረስ፣ ንዳድ ከቆላው ወጥቶ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው የወይና ደጋ ምድር ላይ ተሠራጨ። ነገሩን የመረመሩት ሐኪሞች እንደ ገመቱት ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ ከዚያ ውስጥ 150,000 ያህሉ ሞተ። በዚያ ከፍታ የሚኖር ሕዝብ ወባን በየዓመቱ የማያየው በመሆኑ በሰውነቱ ውስጥ የመከላከያ ኃይል አልነበረውም፤ ስለዚህም ሕፃንና ሽማግሌ፣ ጎበዝና ደካማ ሳይል አንድ ላይ ጣለው። የመከር ጊዜ ነበርና እህሉ በማሳ ላይ አጫጅ አጥቶ የቀረበት አገር ብዙ ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ የሚል ሁሉ የትንኟን ሆድ ዕቃ መመልከት ይኖርበታል። ትንኝ ከታመመ ሰው ደም ብትመጥም ያን ዕለት በሽታውን ለሌላ አታስተላልፍም፤ ጥገኛው ተሕዋስ በሆዷ ውስጥ አድጎ፣ ተራብቶ፣ ወደ ምራቅ ዕጢዋ እስኪደርስ ድረስ የተወሰነ ቀን ይፈልጋል፤ የቀኑንም ቁጥር የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ነው። ገዳይ የሆነው ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዐይነት በሃያ ዲግሪ ሙቀት ከሦስት ሳምንት በላይ ሲፈልግ፣ በሃያ አምስት ዲግሪ ዐሥራ ሁለት ቀን ያህል ይበቃዋል፤ ሙቀቱ ከዐሥራ ስድስት እስከ ዐሥራ ስምንት ካለው ዲግሪ በታች ሲወርድ ደግሞ እድገቱ ይቆማል። የአንዲት ትንኝ ዕድሜ በአብዛኛው ከጥቂት ሳምንት የማይበልጥ ስለ ሆነ፣ በብርዱ አገር ተሕዋሱ ሳይበስል ትንኟ ትሞታለች፤ ደጋውን ሲጠብቀው የኖረው ምሥጢር ይኸው ነው። ስለዚህ የሁለትና የሦስት ዲግሪ ለውጥ በሰው ገላ ላይ ሲያዩት ምንም የማይመስል ቢሆንም፣ በትንኟ ዕድሜ ሲለካ ግን አንድን አውራጃ ከደኅና አገርነት ወደ ንዳድ አገርነት የሚያሻግር ነው።

ከመቅሠፍቱ በኋላ፣ በ1951 ዓ.ም.፣ መንግሥት ወባን ከሀገሪቱ ጨርሶ ለማጥፋት የተሰየመ መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ ሠራተኞቹም ዲዲቲ የተባለውን መድኃኒት በጀርባቸው እየተሸከሙ የቤቱን ግድግዳ ሁሉ ይረጩ ጀመር። ሥራው የብዙ ሰው ሕይወት አድኗል፤ ነገር ግን የተዘጋጀው ማታ ወደ ቤት ገብታ፣ ሰውን ነክሳ፣ በግድግዳ ላይ ለምታርፍ ለአንዲት የትንኝ ወገን ነበር። ትንኝ ሁሉ አንድ ጠባይ እንደሌላት ያስተማረው ደግሞ ወዲያው የተከተለው ሌላ ሕማም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሣው ቢጫ ወባ፣ በጊዜው እንደ ተገመተው መቶ ሺህ ያህል ሰው አሳሞ ሠላሳ ሺህ ያህሉን ገደለ፤ ይህንንም ያስተላለፈችው የኤዴስ ወገን የሆነች ትንኝ ናት። የዚህች ወገን አንዲቱ እኅት፣ ኤዴስ ኢጂፕቲ፣ ከጫካ ወጥታ ከሰው ጋር በከተማ መኖር የለመደች፣ በቀን የምትነክስ፣ ከምንም ይልቅ የቤት ውኃ የምትወድ ናት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስታውሰውን አንድ ነገር ሳላነሣ ባልፍ ደስ አይለኝም። አሰብ የኢትዮጵያ ወደብ በነበረችበት ጊዜ፣ በዚያች ዝናብ በማያውቃት ከተማ ወባ የሚነሣው ከጉድጓድና ከውኃ ማጠራቀሚያ በሚፈለፈል ትንኝ ምክንያት ነበር፤ የወባ ባለሙያዎችም በአካባቢው የምትገኝ አንዲት ትንሽ ዓሣ ሰብስበው በየበርሜሉና በየጉድጓዱ በማኖር፣ የትንኙን እጭ እንድትበላ አድርገው ፈተኑትና ውጤቱን አሳትመው አወጡ። በደረቅ አገር፣ በወደብ ከተማ፣ በቤት ውኃ ውስጥ የሚራባ ወባ እንዳለ የሀገራችን ሰዎች በዚያን ጊዜ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አሰብ ከእኛ ተለየች፤ ዕውቀቱም ከእርሷ ጋር አብሮ የሄደ ይመስለኛል።

የአየሩ ጠባይ የተለወጠው በእነዚሁ ዓመታት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት 1.3 ዲግሪ ያህል እንደ ጨመረ የአየር ጠባይ መዛግብትን የመረመሩ ሊቃውንት ጽፈዋል፤ ይልቁንም የሞቃት ሌሊቶች ቁጥር ከሞቃት ቀኖች ቁጥር ፈጥኖ ጨመረ። የሌሊቱ ነገር በተለይ ሊታሰብ ይገባል፤ ቀድሞ ቀን ሞቆ ሌሊት በሚቀዘቅዝበት አገር የተሕዋሱን እድገት የሚገታው የሌሊቱ ቅዝቃዜ ነበርና። ደብረ ዘይት አካባቢ የብዙ ዓመት የወባ መዝገብ ተይዞ በተደረገ ጥናት፣ ሙቀቱ ከፍ ባለበት ዓመት በሽታው ወደ ከፍተኛው ቀበሌ እንደሚወጣ፣ ሙቀቱ ሲቀንስም ተመልሶ እንደሚወርድ ታውቆ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 በታላቅ የሳይንስ መጽሔት ታተመ። የአባቶች ካርታ መሥመሩን ያልሳተ ነበር፤ መሥመሩ ግን መንቀሳቀስ ጀምሯል።

ለድሬዳዋ የዚህ ለውጥ ጠባይ ከደጋው ይለያል። ከተማይቱ ለኤዴስ ትንኝ ብርድ የሚሆንባት አገር ሆና አታውቅም፤ ሊቃውንቱ እንደሚሉት በዚህች ትንኝ የሚተላለፉ ቫይረሶች ከሁሉ ይበልጥ የሚስማማቸው ሃያ ዘጠኝ ዲግሪ ያህል ሙቀት ሲሆን፣ የተለመደችው የአፍሪካ ወባ አስተላላፊ ግን በሃያ አምስት ዲግሪ አካባቢ ትበረታለች። እንግዲህ ሃያ አምስት ዲግሪ የነበረ ከተማ ሙቀቱ ከፍ እያለ ሲሄድ፣ ለአሮጌው ሕማም ያለው ምቾት እየቀነሰ፣ ለአዲሱ ያለው እየጨመረ ይሄዳል። የጎደለው አንድ ነገር ቢኖር በሽታው ራሱ ከውጭ መጥቶ መግባቱ ብቻ ነበር፤ ለዚህም በሩ የተከፈተው በንግድ ምክንያት ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የሀገሪቱ የውጭ ንግድ ሁሉ ከሞላ ጎደል ወደ ጅቡቲ ዞሮ፣ የጭነት መኪናው፣ የጎማው፣ የዕቃ ሣጥኑ ብዛት ከቀድሞው የማይነጻጸር ሆነ።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. በላይኛው የሐረርጌ ደጋ የጣለው ዝናብ በሌሊት ደቻቱን ሞልቶ ወረደ። ሰው በእንቅልፍ ላይ ነበር፤ ያ ቀን ቀን ገበያ የሚቆምበት አሸዋ ባሕር ሆኖ ከሁለት መቶ ሃምሳ የሚበልጥ ነፍስ አጠፋ፣ በሺህ የሚቆጠርም ቤተ ሰብ ያለ መጠለያ አስቀረ። ይህን አንድ ጎርፍ ያመጣው የዓለም ሙቀት መጨመር ነው ብሎ በድፍረት መናገር አይቻልም፤ ነገር ግን ሞቃት አየር ብዙ እንፋሎት ስለሚሸከም ድንገተኛው ዝናብ እየከበደ እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር ግንብ ተሠራ፣ ሕዝቡም ዐይኑን ከተራራው ወደሚመጣው ውኃ አቀና። ቀጣዩ መከራ ግን በጓሮ ከተቀመጠው ውኃ ነበር የመጣው።

በ2006 ዓ.ም. መባቻ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ በከተማይቱ ጤና ጣቢያዎች ትኩሳት፣ የዐይን ሥር ሕመም፣ የራስ ምታትና አጥንት የሚሰብር ቁርጥማት ያለባቸው ሰዎች ተሰለፉ። ወቅቱ የንዳድ ወቅት ስለ ነበር ነገሩ ወባ ይመስል ነበር፤ ደማቸው ሲመረመር ግን ወባ አልተገኘም። በኋላ በላቦራቶሪ ሲጣራ የደንጊ ትኩሳት ሆኖ ተገኘ፤ ይህም በኢትዮጵያ ምድር በምርመራ ሲረጋገጥ የመጀመሪያው ነበር። ወረርሽኙ ከዐሥር ሺህ የሚበልጥ ሰው አዳረሰ። ሞት ያስከተለው እምብዛም ቢሆንም፣ ሐኪሙን ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነበር፤ የሚሰጠው መድኃኒት የሕመም ማስታገሻና ፈሳሽ ብቻ ሲሆን፣ ለወባ ተብሎ የተሰጠው አጎበርም ቀን ለምትነክስ ትንኝ ምንም አያደርጋትም።

ባለሙያዎች ወደየቤቱ ገብተው ትንኟ የምትራባበትን ሲፈልጉ ያገኙት በርሜል፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ የተጣለ ጎማ፣ የሲሚንቶ ገንዳ ነው። በርሜሉን ቀርቦ ያየ ሰው ነገሩን ይረዳዋል። ኤዴስ እንቁላሏን በውኃው ላይ አትጥልም፤ ከውኃው ወሰን ጥቂት ከፍ ብላ በእርጥቡ የበርሜል ግድግዳ ላይ አንድ በአንድ ትለጥፈዋለች፣ እንቁላሉም እንደ ጥላሸት ነጥብ ጥቁርና ደቃቅ ነው። ውኃው ተቀድቶ ሲጎድል እንቁላሉ በደረቁ ብረት ላይ ይቀራል፤ ለወራትም ሳይሞት ይቆያል። የቧንቧው ፈረቃ ደርሶ፣ የቤቱ እመቤት በርሜሉን እስከ አፉ ስትሞላው፣ ውኃው ወደ ላይ ወጥቶ ይነካዋል፣ ያን ጊዜ ይፈለፈላል። ስለዚህ በርሜሉን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ ግድግዳው በብሩሽ መፈግፈግ አለበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከበር ቆማ «እማማ፣ በርሜሉን ከድነው ያኑሩት፣ ሲጎድልም ውስጡን ይፈግፍጉት» ስትል፣ እናቲቱ «ልጄ፣ ውኃው መቼ ጎድሎ ይጠበቃል፣ እንደ መጣ አይደል የምንሞላው» ብትላት ሁለቱም እውነት አላቸው። ውኃ በሳምንት አንድ ቀን በሚመጣበት ሰፈር ባዶ በርሜል የሚያሳይ ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

ከደንጊ በኋላ በዚያችው በኤዴስ ትንኝ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያ ተከተለ። ይህ ደዌ በ2008 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል በዶሎ አዶ፣ ከኬንያ ወሰን አጠገብ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ በ2011 ዓ.ም. ሐምሌና ነሐሴ ድሬዳዋ ደረሰ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የከተማይቱ ነዋሪ 233,000 ያህል ነበር፤ የዚህ ወረርሽኝ ሕሙማን ከ40,000 በለጡ። ከቁጥሩ ይልቅ ነገሩን የሚያስረዳው ሥራ መፈታቱ ነው፤ ደዌው መገጣጠሚያን የሚያስር ነውና፣ ሰው ከአልጋው ለመነሣት፣ ጫማውን ለማሰር፣ ብርጭቆ ለመያዝ ይቸገራል፤ ትኩሳቱ በጥቂት ቀን ሲለቅ ቁርጥማቱ ግን ከብዙዎች ላይ ሳምንታትና ወራት ሳይለቅ ይቆያል። ከአንድ ቤት አንድ ሰው የሚታመምበት ሕማም አይደለም፤ አባትና እናት ከነልጆቻቸው አንድ ላይ ይተኛሉ፣ ውኃ የሚያቀብልም ይጠፋል። ከተማዋ ደግሞ ለብቻዋ የተቀመጠች አይደለችም፤ ለቁልቢ ገብርኤል በዓል በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ በታኅሣሥና በሐምሌ 19፣ ከሀገሪቱ አራቱም ማዕዘን ከሚመጣው ምእመን ብዙው በእርሷ በኩል ያልፋል።

አሁን አንባቢ በልቡ እንዲይዘው ወደ ጠየቅነው ስም እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ ከተማ አኖፌለስ ስቴፈንሳይ ተገኘች፤ በአፍሪካ ምድር ስትታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። በዚያ ዓመት በጅቡቲ የተመዘገበው የወባ ሕሙማን ቁጥር ሃያ ሰባት ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ግን ከ73,000 በልጧል። በኢትዮጵያ በመጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በምሥራቅና በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ ከተሞች በተደረገው ፍለጋ ድሬዳዋን፣ ጅግጅጋን፣ ሰመራን፣ አዋሽንና ባቲን ጨምሮ በዐሥር ቦታዎች ተገኘች። በመርከብ መጣች፣ በንግድ ዕቃ ተጓዘች፣ በነፋስም ተወሰደች የሚሉ አሉ፤ ከተገኘችባቸው ከተሞች ብዙዎቹ ግን የጅቡቲ መንገድ ወይም ሐዲድ የሚያልፍባቸው መሆናቸውን ካርታ የያዘ ሁሉ ያያል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የተመረቀውም በዚያው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ አንዱን በሌላው ማሳበብ ግን አይገባም፤ ትንኟ በቀብሪ ደሃር ስትገኝ ባቡሩ ገና ሥራ አልጀመረም ነበርና።

በ2014 ዓ.ም. ከጥር እስከ ግንቦት በድሬዳዋ የወባ ሕሙማን ቁጥር ከ2,400 በለጠ፤ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ2011 ዓ.ም.፣ በተመሳሳይ ወራት ግን 205 ብቻ ነበር። ጥርና የካቲት! በአሮጌው የዘመን ስሌት ይህ ንዳድ የሚተኛበት የበጋ ወር ነው። በአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ዶክተር ፍጹም ታደሰ የመሩት የተመራማሪዎች ቡድን ወደ ከተማይቱ ወርዶ፣ በዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችና በከተማው ነዋሪዎች መካከል በወባ የታመሙትን ሰዎችና ጎረቤቶቻቸውን መረመረ፣ በየቤቱ አካባቢም ትንኝ ፈለገ። የተያዙት ትንኞች ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም አኖፌለስ ስቴፈንሳይ ነበሩ፤ የወባ ተሕዋስ ተሸክመው የተገኙም ነበሩባቸው፤ በሽታውም ይህች ትንኝ በተገኘችባቸው ቤቶች ዙሪያ ተሰብስቦ ታየ። የባሰው ደግሞ ተሕዋሱ ራሱ ነው፤ ዋናውን የወባ መድኃኒት የመቋቋም ምልክት ያለው፣ ጤና ጣቢያዎች በፍጥነት የሚመረምሩበትን መሣሪያም የሚያመልጥ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 በሲያትል በተደረገ የሐሩር ሕክምና ጉባኤ ተነግሮ፣ በ2023 ታትሞ ወጣ፤ ይህች ትንኝ በአፍሪካ ከተማ ወረርሽኝ የማስነሣት ኃይል እንዳላት ለማስረዳት እስከዚያ ከቀረበው ማስረጃ ሁሉ ጠንካራው ነበር።

በአንድ በርሜል ውስጥ ሁለቱም እጮች አብረው ይገኛሉ፤ የኤዴስ እጭ በጅራቷ በኩል ባለ መተንፈሻ ከውኃው ገጽ ተንጠልጥላ ራሷን ቁልቁል ዘቅዝቃ ትታያለች፣ የስቴፈንሳይ እጭ ግን መተንፈሻ ቱቦ ስለሌላት ከውኃው ገጽ ጋር ተጋድማ ትተኛለች። ደንጊ፣ ቺኩንጉንያና ወባ በአንድ በርሜል አብረው ያድራሉ ቢባል እንግዲህ ቃሉ ምሳሌያዊ አይደለም። ስቴፈንሳይ ከቤት ውጭና በከብት በረት ማረፍ የምትወድ፣ የተለመዱትንም የርጭት መድኃኒቶች ብዙዎቹን የምትቋቋም ስለ ሆነች፣ በ1951 ዓ.ም. የተጀመረው ግድግዳ የመርጨት ሥርዓት ከእርሷ ጋር ብዙም አይገናኝም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያመጣው ሙቀቱ ነውን? ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ ሙቀቱ ብቻውን አላመጣውም እለዋለሁ። ሙቀቱ የትንኟን ዕድገት ያፋጥናል፣ የተሕዋሱንና የቫይረሱን መብሰያ ቀን ያሳጥራል፤ ድርቅ ሲያደርግ ደግሞ ሰው የበለጠ ውኃ እንዲያከማች ያስገድዳል፣ በዚህ በኩል ዝናብ ማነሱም ራሱ ትንኝ አብዢ ይሆናል። በርሜሉን በየጓሮው የሞላው ግን የቧንቧው ፈረቃ ነው፤ ጎማውን በየመንገዱ ዳር የጣለው ንግዱ ነው፤ ለኮንክሪት ማጠጫ ተቆፍሮ በላስቲክ የተነጠፈውን ጉድጓድ ያበዛው የግንባታው ሥራ ነው። ከሰማይ የሚመጣውን ድሬዳዋ ለብቻዋ አትመልሰውም፤ ውኃን ሳያቋርጡ በቧንቧ ማድረስ ግን በሰው እጅ ያለ ሥራ ነው፤ እኔም ከርጭቱ ሁሉ ይልቅ ይህን አስቀድማለሁ።

በ2015 ዓ.ም. ደንጊ በአፋር ክልል በሚሌና በሎጊያ ተነሣ፤ ሁለቱም በጅቡቲው የመኪና መንገድ ላይ የተቀመጡ፣ ሹፌሮች የሚያድሩባቸው ከተሞች ናቸው። በ2024 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት በኢትዮጵያ ከሰባት ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን ገለጠ፤ የሀገር ውስጡ ግጭት፣ የመድኃኒቱ መዳከምና የአየሩ ጠባይ ሁሉ በአንድነት የሚጠቀሱበት ዓመት ነበር። አኖፌለስ ስቴፈንሳይም በሱዳን፣ በሶማሊያ፣ በየመን፣ በናይጄሪያ፣ በኬንያና በጋና ተገኝታለች። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ በሚወጣው ሐዲድ ላይ አዋሽ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትንኟ መዝገብ ውስጥ አለች፤ ከእርሷ በላይ ያለችው አዳማ በ1950ው መቅሠፍት ከተመታው ከፍታ መነሻ ላይ፣ ከ1,600 ሜትር እምብዛም ባልራቀ ቦታ ተቀምጣለች፤ በርሜልና የውኃ ፈረቃም እንደ ድሬዳዋ ሁሉ አላት።